የፋብሪካው ወገብ

አንዲት ሴት ወፈረች ሲሏችሁ ዐይናችሁ መጀመሪያ የሚሮጠው ወዴት ነው? ወደ ሳህኗ አይደለም? አትዋሹ። ስንት ቁራሽ ዳቦ እንዳነሳች፣ ሻይዋ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመረች ለመቁጠር ማንም አይቀድማችሁም። እንቅልፏን ማን እንደወሰደባት ግን የጠየቀ ከመካከላችሁ አለ? ይህ ታሪክ ያንን ጥያቄ የጠየቁና አንዲትን ሴት ከገዛ ገላዋ ጋር ያስታረቁ የጥቂት ሰዎች ታሪክ ነው። ምስጋናው የእነሱ ነው። ቁጣውም ባለቤት አለው፤ እሱ ጋ ስንደርስ ይታያል።

ሴትየዋን በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሁሉም ሰው «ልኬት» ይላታል። ቅጽል ስሙ እንዲያው የወጣላት አይደለም። ፋብሪካው የሥራ ልብስ ነው የሚሰፋው፤ የነርስ፣ የአስተናጋጅ፣ የጥበቃ ሱሪ። ሱሪው በብዛት ከመሰፋቱ በፊት አንድ ናሙና ይሠራና ሕይወት ባለው ሰው ላይ ይለካል። በዚያ ፋብሪካ ያ ሰው እሷ ነበረች። ገና በልጅነቷ የስፌት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር፣ የፋብሪካው መሥራች ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ ብለው አዩዋትና «መካከለኛ ቁጥር ማለት ይቺ ናት፤ ሌላ አትፈልጉ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ወጣ። የትም አልተጻፈም፤ ግን ከግድግዳው ይልቅ የጸና ነበር። ናሙናው ልኬትን ከጠበባት የተሳሳተው ሱሪው ነው። ከሰፋትም የተሳሳተው ሱሪው ነው። እሷ አትሳሳትም።

ገላሽ ልክ ነው ተብላ እንጀራዋን የምታገኝ ሴት ስንት ናት? ልኬት ይህን ዕድሏን ታውቀው ነበር። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ፌርማታ ላይ ነርስ በተሳፈረች ቁጥር ቤት ገብቶ «ዛሬም አንዷ ሚስቴን ለብሳ ተሳፈረች» እያለ ያስቃታል። ዓመታት ሲያልፉ እድገት አግኝታ የአንድ ስፌት መስመር ኃላፊ ሆነች፤ ናሙና መለካቱንም አልተወችም።

መሥራቹ ደክመው ቤት ሲውሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ፊቱ ክፉ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ፣ ሰው ሁሉ ላይ ፈገግ የሚል፣ በየንግግሩ «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚል ሰው ነበር። ትእዛዙን እጥፍ አደረገው፤ የሠራተኛውን ቁጥር ግን ባለበት ተወው። አንዷ የመስመር ኃላፊ ታክቷት ስትለቅ በቦታዋ ሰው አልቀጠረም። መስመሯን ለልኬት ደረበላትና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አንቺ ትችያለሽ» አላት። «ትችያለሽ» በሚባል ሙገሳ ስንቱ ጤናውን እንዳጣ ማን ይናገራል! ቀጥሎ በኃላፊዎቹ ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈተ። ከእራት በኋላ «የነገው ጭነት የት ደረሰ?» ይላል። ሰው ዐይኑን ሊከድን ሲል «ለምን ዝም ተባልኩ?» ይላል። ጎህ ሳይቀድ «መልስ እፈልጋለሁ!» ይላል። ስልኩ ጪር ባለ ቁጥር የልኬት ልብ ይዘላል። ጪር ካላለም ይዘላል፤ ምን ሆኖ ዝም አለ ብላ። ትራሷ ሥር አድርጋው ታሸልብ ነበር እንጂ ተኛች አይባልም።

ገላዋ ይህን ሁሉ ሰማ። እግሯ እንደነበረ ነው። ክንዷም ቀጭን እንደሆነ ቀረ። ወገቧ ግን እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ አለ።

ይህን ቀድመው ያወቁት ቅድ አውጪው ናቸው። የእያንዳንዱን ሱሪ ቅርፅ ካርቶን ላይ የሚነድፉትና የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ፣ ሲናገሩ መርፌ የነከሱ የሚመስሉ፣ ልኬት «ጋሼ» የምትላቸው ረጋ ያሉ ሰው። አንድ ቀን ናሙና ስትለካ የወገቡ ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ አለ። ትንፋሿን ሳበች፤ አሁንም እምቢ አለ። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ጨርቁ ነው፤ ታጥቦ ገብቷል» አሉ ጋሼ።

ጨርቁ ውሃ የሚባል ነገር አልነካውም። ሁለቱም ያውቃሉ። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ወደ ሜትራቸው ጣል አድርገው የናሙናውን ወገብ ትንሽ ለቀቅ አደረጉላት። ለቀቅ ያሉትን ያህል ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለውን መስመር ወደ ውጭ ገፋ አደረጉት፤ ሕጉ የተሳሳተው ሱሪው ነው ይላላ! በሚቀጥለው ናሙናም እንዲሁ። በሚቀጥለውም። አንድም ቀን በመካከላቸው ቃል አልወጣም። ደግነት ነበር። ደግነቱ ግን በካርቶን ተቆረጠ፣ ወደ መስመሮቹ ወረደ፣ ስንቱ ሱሪ ላይ ተሰፍቶ በመኪና ተጭኖ ሄደ።

ልኬት ግን ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሷ አዞረች። እንዲህ ያለ ሰው ከራሱ ሌላ ማንን ይከሳል? ቁርስ ተወች። ምሳዋን በሻይ ተካችው። ሳይነጋ ተነስታ በባዶ ሆዷ መሮጥ ጀመረች፤ ስልኩ የተረፈላትን ያቺኑ ሽርፍራፊ እንቅልፍ ለሩጫው ገበረቻት ማለት ነው። ከሥራ ስትመለስ እጇ ይንቀጠቀጣል። የቁም ሣጥኑን በር ትከፍትና ከአንሶላዎቹ ጀርባ የደበቀችውን ብስኩት ቆማ ታጋምሳለች፤ ከዚያ በራሷ ተናዳ ታነባለች። በማግስቱ ይበልጥ ትራባለች፣ ይበልጥ ትሮጣለች። ወገቧም ይበልጥ ይሰፋል።

በምሳ እረፍት ላይ የሱሪ ቁልፍ የምትተክለዋ፣ የፋብሪካው አፈኛ፣ ዝም ልትላት አልቻለችም።

«ልኬትዬ፣ መንታ ነው እንዴ?»

«አዎ፤ አንደኛው የራሴ መስመር፣ ሁለተኛው የደረቡብኝ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ወገቧን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የሰው ዕቃ ይመስል፣ «ምን አድርጌሽ ነው?» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ ሱሪዎቹ መመለስ ጀመሩ። ከሆስፒታሎቹ የመጣው ቅሬታ ሁሉ አንድ ቃል ነበር፤ ጭኑ ልክ ነው፣ ርዝመቱ ልክ ነው፣ ወገቡ ግን ይወርዳል። ሥራ አስኪያጁ ጠየቀ፣ ነገሩን አጣራና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እሷን ቢሮው ጠራት? አልጠራትም። የምሳ ሰዓት የሚታወጅበትን ድምፅ ማጉያ አነሳ።

«ውድ ቤተሰቦቼ! ጭነቱ የተመለሰው ማሽን ተበላሽቶ አይደለም። ጨርቁም ጥፋት የለበትም። የአንዲት ባልደረባችን አፍ አልዘጋ ስላለ ነው።»

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

«ልኬት ስንል ልክ ያላት ሰው ማለታችን ነበር። አዲሱ የምርት ወቅት ሲከፈት ወደ ቀድሞ ልኳ ካልተመለሰች፣ ናሙናውንም መስመሩንም ለሌላ ሰው ታስረክባለች። እስከዚያ እናበረታታት። አጨብጭቡላት!»

ጥቂት እጆች ተጨበጨቡ። ያጨበጨቡት ሰዎች እስከ ዛሬ እሷን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ቢቀይሩም አይፈረድባቸውም። ልኬት ከመስመሯ ራስጌ ቆማ ነበር። ወዴት እንደምታይ ጠፋት፤ እጇን ወገቧ ላይ አጣምራ ሸፈነችው። ሥራዋን ብታጣ ሌላ ሥራ ይገኝ ይሆናል። «ልኬት» የሚለው ስም ግን በሕይወቷ ካገኘችው ሁሉ የምትወደው ነበር፤ አሁን ያንን ስም አፏን መዝጋት ያልቻለች ሴት ስም አድርገው ሊቀብሩት ነው።

ባሏ ነገሩን የሰማው ከእሷ ሳይሆን ከተሳፋሪ ነው። ቤት ሲገባ ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«ነገ እረፍቴ ነው፤ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ሐኪም ምን ሊለኝ? አትብዪ ሊለኝ? እሱን በድምፅ ማጉያ በነጻ ሰምቻለሁ።»

«አንቺ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ስትተኚ ጥርስሽ ይንቀጫቀጫል። ሱሪ ሁሉ ይውደቅ ከፈለገ፤ እኔ ሚስቴን ነው የምፈልገው።»

እጇን ይዞ ወሰዳት። ስለዚያ እጅ ልኬት እስከ ዛሬ ታመሰግናለች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሚዛን ላይ ያወጣቻት ነርስ ወጣት ናት። በአንድ እጇ ሚዛኑን ታስተካክላለች፤ በሌላው እጇ የሱሪዋን ወገብ ጨምድዳ ይዛለች። ሱሪው በመርፌ ቁልፍ ተጠልፏል፤ ግን መርፌ ቁልፉም አቅቶታል። የልኬት ዐይን ከሚዛኑ ቁጥር ላይ ተነሳና ኪሱ ጠርዝ ላይ አረፈ። ያንን ስፌት በጨለማ በእጇ ዳብሳ ትለየዋለች። የራሷ መስመር ስፌት ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሱሪሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ኧረ ተይኝ! አዲስ ነው እኮ። ጭኔ ላይ ልክክ ይላል፤ ወገቡ ግን ሌላ ሰው ያስገባል። የሌሎቹን መልሰውላቸዋል፤ እኔ የምለብሰው ስላልነበረኝ ቀረሁ። ለማን ልክ እንደሰፉት እንጃ! ያቺን ሴት ባገኘኋት ነበር...»

«አገኘሻት» አለች ልኬት።

ነርሷ አልገባትም። ባልየው በሩ ጋ ቆሞ ከአፉ አመለጠው። «ሚስቴን ነው የለበስሽው።» ያን ጊዜ ልኬት ሚዛኑ ላይ እንደቆመች ሳቋ ገነፈለ፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ጨርቁ ታጥቦ አልገባም ነበር። ጋሼ ያንን መስመር ስንት ጊዜ እንደገፉት አሁን በዐይኗ አየችው። የጭንቀቷ ወገብ በሰው ገላ ላይ ተሰቅሎ፣ መርፌ ቁልፍ ተወግቶበት፣ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

ጫጫታውን ሰምታ ዶክተሯ ብቅ አለች። ሰፋ ያለች፣ ስትራመድ የማትቸኩል ሴት ናት። ነገሩን ሰምታ የነርሷን ሱሪ ወገብ ሳብ አድርጋ አየችና ለቀቀችው።

«በሱሪ በሽታ አይታወቅም» አለች። «ግን ዝም ብሎም አያልፍም። ግቢ።»

ልኬት ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ቁርስ አልበላም፣ ምሳ ሻይ ነው፣ ብስኩቱን ደብቄ ነው፣ ይቅር በሉኝ ልትል ነው። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠግታ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»

«የምበላውን አይጠይቁኝም?» አለች ልኬት።

«እደርስበታለሁ፤ የትም አይሄድም። መጀመሪያ እንቅልፍሽን ንገሪኝ።»

ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነው። ልኬት አፏን ስትከፍት ስለ እንቅልፍ ልትናገር ነበር፤ የወጣው ግን ሁሉም ነው፤ ሁለቱ መስመሮች፣ ትራስ ሥር ያለው ስልክ፣ የጎህ ሩጫው፣ ድምፅ ማጉያው። ዶክተሯ አላቋረጠቻትም። ሲያበቃ የምትወስደው መድኃኒት፣ የምትቀባው ቅባት ካለ ጠየቀቻት፤ አንዳንዱ ራሱ ያወፍራል ብላ። ደም አስወሰደቻት። ውጤቱ ሲመጣ አስጠርታ የእጢ ሕመም እንደሌለባት ነገረቻትና በገዛ ጎኗ ላይ በእጇ እያመለከተች አስረዳቻት።

«ከኩላሊቶችሽ አናት ላይ ትንንሽ እጢዎች አሉ። አደጋ ሲመጣ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ። ውሻ ሲያባርርሽ እንድታመልጪ ነው፤ ስኳር ወደ ደምሽ ይገባል፣ ገላሽ በሙሉ ይነቃል። ውሻው ሲሄድ ሆርሞኑም ይወርዳል። ያንቺ ውሻ ግን አይሄድም፤ ትራስሽ ሥር ነው የሚተኛው።»

ልኬት ሳቅ አለች፤ ቃሉ ግን አንጀቷ ድረስ ገባ።

«ሆርሞኑ ሳይወርድ ሲከርም የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል፤ በተለይ የጣፋጭ። ስቡን ደግሞ ሆድ አካባቢ ማከማቸት ይወዳል። እንቅልፍ ሲጠፋ ይብሳል። በዚህ ላይ ስትራቢና በጨለማ ስትሮጪ፣ ገላሽ ሌላ አደጋ የመጣ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ጥፋቱ የኔ አይደለም?»

«ሁሉም የጭንቀት ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ብስኩትም ብስኩት ነው። የሰው ገላም እንደ ሰው መልክ ይለያያል። ግን ስሚኝ፤ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። ከመጠን በላይ ታግለሽ ነው።»

ልኬት ሰው ስታመሰግን ይህን ቃል ሁልጊዜ ትጠቅሰዋለች። ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። ያን ቀን ወደ ቤት የተመለሰችው የሰው ሸክም አውርዳ እንደመጣች ሴት ነው።

የተሰጣት ትእዛዝ ቀላል ይመስላል። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ቁርስ በሰዓቱ ይበላ፤ የጎህ ሩጫው ይቁምና ከሥራ በኋላ ረጋ ያለ የእግር ጉዞ ይተካው፤ የሚያስጨንቀው ነገር ለሰው ይነገር። «ወገቡን ለጊዜው እርሺው» አለቻት ዶክተሯ። «መጀመሪያ እንቅልፉን ነው የምናስመልሰው።» ቀላል! ሥራ አስኪያጁን ስልኬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር ብሎ መንገር ቀላል ነው?

ይህን ያቀለሉት አማቷ ናቸው። አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜ ልካቸውን በስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ስልክሽን አምጪው።»

«እማዬ፣ ከደወለስ?»

«ደውሎ ማንን ሊያገኝ? እኔን ነዋ! ስንት ባለሥልጣን ሲንጨረጨር መስመር አስይዤ አስጠብቄያለሁ፤ የሱሪ ጌታ ሊያቅተኝ? ሂጂ ልጄ፣ ተኚ።»

ስልኩን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። እራት ተበልቶ ሳህኑ ሳይነሳ ጮኸ። ልኬት መኝታ ቤት ሆና ልቧ እንደለመደው ዘለለ።

«ሃሎ፣ ማንን ፈለጉ?» አሉ አማቷ፣ በዚያ በድሮ የማዞሪያ ድምፃቸው።

«የመስመር ኃላፊዋን።»

«መስመሩ ተይዟል።»

«በማን?»

«በእንቅልፍ።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን አለሰለሰ። «እናቴ፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ሱሪዎቹ...»

«ምነው፣ ታመሙ?»

«አልታመሙም፤ ግን...»

«እንግዲያው ይደር። የታመመ ሰው ሲኖር ይደውሉ፣ ያን ጊዜ አገናኝዎታለሁ። እናመሰግናለን።» ጠረቀሙት።

ልኬት ትራሷን ነክሳ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነሳ ፀሐይዋ መጋረጃው ላይ ነበረች። ሰማዩም አልተደፋም፤ ጭነቱም በቀኑ ወጣ።

ወሬው ፋብሪካው ውስጥ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ፤ ባሏ ለተሳፋሪዎቹ አውርቶ ነዋ። ቁልፍ የምትተክለዋ ሴት በሩ ላይ ጠብቃ «እንግዲያው ይደር!» ብላ ተቀበለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይደር» የሴቶቹ መፈክር ሆነ። ኃላፊዎቹ አንድ በአንድ ከእራት በኋላ ስልካቸውን መዝጋት ጀመሩ። ያቺው አፈኛ ሴት ከሥራ በኋላ የልኬትን ክንድ ይዛ አብራት መራመድ ያዘች። «ስቀልድብሽ እንደምታዝኚ አላወቅኩም፤ አፌን ቁረጪው» አለቻት። ልኬት ግን አፏን አልቆረጠችውም፤ በዚያ አፍ ስትስቅ መንገዱ ያጥርላት ነበር።

ጋሼን ለማነጋገር ወደ ቅድ ክፍሉ የሄደችው እሷው ናት። ገና ስትገባ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱት።

«መስመሩን የገፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከተመለሰው ጭነት ይልቅ በማጉያው የተባልሽው ነው የገደለኝ። ነገ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ እናገራለሁ።»

«ጋሼ፣ በዚያ ሁሉ ወር ገላዬን አይተው ያላፈሩብኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን አልረሳውም። ግን ቢነግሩኝ ኖሮ ቀደም ብዬ ሐኪም ጋ እሄድ ነበር።»

«እውነትሽን ነው፤ ፈራሁ። አንቺን እንዳላጣ ፈራሁ።»

ጋሼ እንዳሉት ሄደው ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ «እሺ፣ አውቄያለሁ» ብቻ አላቸው። ድምፅ ማጉያውን ግን አላነሳም። ልብ በሉ! ሴቲቱን ለመስደብ የተነሳች ማጉያ እውነቱን ለመናገር ከበደች።

ጋሼ ታዲያ ክፍላቸው ተመልሰው አሮጌውን ካርቶን፣ ልኬት ገና ስትቀጠር በገላዋ የቆረጡትን ፈልገው አወጡ። በእሱ ልክ ከጨርቅ ሰፍተው፣ ከመስመሮቹ በወደቀ ቁርጥራጭ ጠቅጥቀው፣ ራስና ክንድ የሌላት ገላ ሠሩ። በእንጨት እግር ላይ አቁመዋት ለልኬት አሳዩዋት። «ከእንግዲህ ናሙናው በዚች ይለካል። ይቺ አትጨነቅም፤ ስልክ የላትም።» ልኬት የወጣትነት ወገቧን በእጇ ዳሰሰችው። ትቀናበታለች ብላ ነበር፤ አልቀናችም። ደህና ዋልሽ እንደምትባል የድሮ ጓደኛ ሆነችባት።

ወራት አለፉ። እንቅልፉ እየሸሸም እየተመለሰም በመጨረሻ ቤቱን ለመደ። የእጇ መንቀጥቀጥ ቆመ። አንድ ቀን አንሶላ ስትቀይር ከጀርባው የደበቀችው ብስኩት አርጅቶ አገኘችው፤ እንዳለ እንኳ ረስታው ነበር። ወገቧ ትንሽ ወረደና ቆመ፤ ወደ ቀድሞው ልክ አልተመለሰም፤ ምናልባትም አይመለስ ይሆናል። ዶክተሯ ጋ ስትሄድ ነርሷ ልኳ የሆነ አዲስ ሱሪ ለብሳ ሁለት እጇን እያወዛወዘች አሳየቻት፤ «ይኸው፣ ነጻ ወጣሁ!» ብላ። ልኬት መስታወት ፊት ስትቆም «ተመስገን» ማለት ለመደች፤ ማንም አላዘዛትም።

አዲሱ የምርት ወቅት ሲከፈት ሥራ አስኪያጁ የሠራተኛውን ቤተሰብ ሁሉ ጠራ። ማሽኖቹ መሐል ወንበር ተደረደረ። ልኬት ስትገባ ባሏና አማቷ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዶክተሯና ነርሷም በእሷ ግብዣ መጥተዋል። ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ተነሳ።

«ውድ ቤተሰቦቼ! አዲሱ ናሙና በሆስፒታሎቹ ሁሉ ተወዷል። ያለፈውን ልንረሳ ነው። ባልደረባችን አሁን ወጥታ ስለደረሰው ጥፋት ይቅርታ ትጠይቀናለች፤ ከዚያ ቦታዋ ይጠበቅላታል።»

ማጉያውን አቀበላት። ጋሼ ከመቀመጫቸው ሊነሱ ሲሉ በእጇ አረጋጋቻቸው። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ ነበር።

«ብዙ የማመሰግነው ሰው አለኝ፤ እሱን ላስቀድም» አለች። «ባሌ፣ እጄን ይዘህ ሐኪም ጋ ስለወሰድከኝ። እማዬ፣ እንቅልፌን ስለጠበቁልኝ። ዶክተር፣ ሁሉም ስለ ሳህኔ ሲያወራ ስለ እንቅልፌ ስለጠየቁኝ። ጋሼ፣ ስላላፈሩብኝ፤ ኋላም እውነቱን ስለተናገሩ። አንቺ አፈኛ፣ ስላሳቅሽኝ። እድሜ ይስጣችሁ።»

ቁልፍ የምትተክለዋ ሴት «ይደር!» ብላ ጮኸች፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ይቅርታም አለኝ። ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ለሠሩ ነርሶች ነው። እህቴ፣ አንቺ ሁሉንም ወክለሽ ስሚልኝ፤ ይቅርታ።» ነርሷ ዐይኗን ጠረገች። ልኬት ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«አሁን የቀረነው እኔና እርስዎ ነን። አፏ አልዘጋ አለ ብለው በዚህች ማጉያ ተናግረዋል፤ ይኸው አልተዘጋም። ጋሼ እውነቱን ሲነግሩዎት ደግሞ ያቺው ማጉያ አልተነሳችም። የለቀቀችው እህታችን መስመር ላይ ሰው ያልቀጠሩት ለምንድን ነው? የቤታችንን እራትና እንቅልፍ ለሱሪ የሰጠዎት ማነው? ሐኪም ሳይሆኑ ገላዬን የመረመሩት፣ ሳይሰሙኝ የፈረዱት በምን ሥልጣን ነው? ነገ ቢሮ ነይና እንነጋገር እንዳይሉኝ። የሰደቡኝ እዚህ ነው፣ ያስጨበጨቡብኝ እዚህ ነው፤ ባሌም፣ አማቴም፣ ሐኪሜም እየሰሙ ነው። ማጉያዋን ይያዟት። ይናገሩ፤ ይመልሱልን!»